እንጦጦ ጠበል ገብታለች

እናቴ እናቷን «እትዬ» ነው የምትላት። እኛ ቤት ይሄ አይገርምም፤ አዲስ አበባ ውስጥ እናቱን «እትዬ» ወይም «እታለም» የሚል ሰው ሞልቷል። ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ምክንያቱን ጠይቄያት ነበር። «ያው እንዲሁ ለምዶብኝ ነው» አለችኝ። በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ተዘጋ።

ሌላም የተዘጋ ነገር ነበር። አያቴ በወጣትነቷ፣ እናቴ የአራት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከአንድ ዓመት በላይ ቤት አልነበረችም። የት ነበረች? «እንጦጦ ጠበል ገብታ ነበር።» ይህች ዓረፍተ ነገር ቤታችን ውስጥ ሃምሳ ዓመት ኖራለች። ጠበል የገባን ሰው ምን ይዞህ ነው ብሎ መመርመር ነውር ነው። ድኖ ከተመለሰ እግዚአብሔር ይመስገን ተብሎ ይታለፋል።

ዓረፍተ ነገሯ የፈረሰችው ባለፈው ዓመት ነው፣ በእኔ ምክንያት።

ከአንድ ወር በላይ እየሳልኩ ነበር። ማታ ማታ ያልበኛል፣ ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነና ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ስለምውል ሁሉንም የድካም ነው አልኩት። በመጨረሻ አክታዬን በትንሽ ዕቃ ሰጥቼ በማግሥቱ ውጤት ልቀበል ስሄድ ነርሷ በር ዘጋችና «ቲቢ ነው፣ ግን ትድናለህ» አለችኝ። ሁለቱን ነገሮች በአንድ ትንፋሽ ማለቷ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ቤት መጥቼ ነገርኳቸው። እናቴ ምንም አላለችም። ወደ ጓዳ ገብታ አንድ ኩባያ፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ለየችና መደርደሪያው ጥግ ላይ አስቀመጠች። ቀጥላ ብርድ እንዳይመታኝ መስኮቱን ዘጋች። አያቴ ወንበሯ ላይ ሆና ስታያት ቆየችና፣

«ዕቃውን ተዪው። መስኮቱን ክፈቺው» አለች።

«አንቺ ደግሞ ምኑን ታውቂዋለሽ እትዬ?»

«አሥራ አራት ወር ተኝቼበታለሁ እኮ።»

* * *

ከዚያ ማታ ጀምሮ አያቴ ትነግረኝ ጀመር። እሷ ትናገራለች፣ እኔ መስኮቱ ሥር ተኝቼ ስልኬ ላይ እቀዳለሁ፣ እናቴ ጓዳ ውስጥ ዕቃ ታጥባለች። ያን ሰሞን እናቴ ያጠበችው ዕቃ ለሠርግ ቤት ይበቃ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። አያቴ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። ጉለሌ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ባሏ ግንበኛ ነው፤ እሷ ደግሞ ጥጥ እየፈተለች ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ታስረክባለች። ሳሉ ሲጀምራት የጥጡ ብናኝ ነው አለች። ሲብስባት ጎረቤት ብርድ ነው አለ። ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ፌጦ፣ ዳማከሴ፣ ሁሉም ተሞከረ። ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲደርስ ልብሷ ሰፋት። አንድ ጠዋት ስትስል ነጠላዋ ጫፍ ላይ ደም አየች። ነጠላዋን አጥባ አሰጣችና ለማንም ሳትናገር አንድ ወር ቆየች።

«ለምን?» አልኳት።

«እስቲ አንተ ለመሥሪያ ቤትህ ነግረሃል?» አለችኝ። አልነገርኩም ነበር። ጨጓራዬን አሞኛል፣ ለጊዜው ከቤት ልሥራ ነበር ያልኩት።

ራጂ ስትነሳ ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አሳያት። ሳምባ ነቀርሳ ነበር። ያን ጊዜ «ቲቢ» የሚለው ቀለል ያለ ስም ገና ሰፈር አልወረደም። ነቀርሳ ደግሞ ካንሰርም የሚጠራበት ስም ስለሆነ፣ ሰው ሲሰማው የሚታየው መቃብር ነው። አያቴ እንደምትለው በሰፈሩ ዘንድ በሽታው በዘር የሚወርድ ነበር። «እነሱ ቤት ሳምባ አለ» ከተባለ ከዚያ ቤት ሚስት የሚወስድ አይገኝም። ቤቱ ውስጥ ያለችው ሴት ልጅ ደግሞ አንድ ናት፤ የአራት ዓመቷ እናቴ።

ስለዚህ የአያቴ ታላቅ እህት ፈረደች። ልጅቷን እኔ እወስዳለሁ፣ ለሰው «እንጦጦ ጠበል ገብታለች» እንላለን አለች። ውሸት ነው እንዳይባል ግማሹ እውነት ነበር። እንጦጦ ማርያምም፣ ኪዳነ ምሕረት ጠበልም እዚያው ተራራ ላይ ናቸው። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ በሚወስደው በዚያው መንገድ ግን ከጠበሉ በፊት ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ይገኛል። አያቴ ወደ እንጦጦ ወጣች፤ ብቻ መንገዱን አልጨረሰችውም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚል ተረት ያለን ሰዎች ነን። ተረቱን የሚያውቁት እነዚሁ ሰዎች ናቸው የደበቁት። እነሱ በሽታውን ከሐኪም አልደበቁም፤ ከጎረቤት ነው የደበቁት። ያኔ ለእነሱ ልዩነቱ ግልጽ ነበር።

* * *

ለመሆኑ ሕመምተኛን ተራራ ላይ ወስዶ ማስተኛት ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1854 ኸርማን ብሬመር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም፣ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ በምትገኝ ጎርበርስዶርፍ በምትባል የተራራ መንደር ለሳምባ ሕሙማን ማረፊያ ከፈተ። ብሬመር ከተወሰነ ከፍታ በላይ በሽታው አይኖርም ብሎ ያምን ነበር። እኛ ደጋ ላይ ተቀምጠን እየሳልን እንደሆነ የነገረው ሰው አልነበረም መሰለኝ። የእሱ ታካሚ የነበረው ፒተር ዴትቫይለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1876 ፋልከንሽታይን ላይ የራሱን ከፈተና ሥርዓቱን አጠበቀው። ሕመምተኛው በረንዳ ላይ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በቀን ለሰዓታት ዝም ብሎ ይተኛል፤ በደንብ ይበላል፤ መሬት ላይ አይተፋም። ለአክታ የሚሆን ከሰማያዊ ብርጭቆ የተሠራ የኪስ ዕቃም ያስያዛቸው እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤድዋርድ ትሩዶ፣ ራሱ የሳምባ ሕመምተኛ የነበረ ሐኪም፣ በ1880ዎቹ ሳራናክ ሌክ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሠራ። የስዊዘርላንዷ ዳቮስ በዚሁ በሽታ ከተማ ሆነች። ቶማስ ማን እ.ኤ.አ. በ1924 ያሳተመው ዝነኛ ልቦለድ የሚካሄደው እዚያ ባለ ሳናቶሪየም ውስጥ ነው።

በመሐል፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882፣ ሮበርት ኮክ በርሊን ላይ ቆሞ የበሽታውን ባክቴሪያ ማግኘቱን አስታወቀ። ቀኑ ዛሬ በመላው ዓለም የቲቢ ቀን ሆኖ ይከበራል፤ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 15 ነው። ኮክ ያን ዕለት ከሚሞቱ ሰዎች ከሰባቱ አንዱን የሚገድለው ይህ በሽታ ነው ብሎ ነበር። ግን ጠላትን ማየትና መግደል ለየቅል ናቸው። ከዚያ በኋላ ስልሳ ዓመት ሙሉ ባክቴሪያውን የሚገድል መድኃኒት አልነበረም። አየር፣ ዕረፍት፣ ምግብ። አንዳንዱ ሰውነቱ በራሱ እየታገለ ይድናል፤ ብዙው ይሞታል። ሳናቶሪየሙ በእርግጠኝነት ያደረገው ነገር ቢኖር የሚያስለውን ሰው ከቤተሰቡ መለየት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1943 አልበርት ሻትዝ የሚባል ወጣት ተመራማሪ፣ በሴልማን ዋክስማን ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ አፈር ውስጥ ከሚኖር ረቂቅ ሕዋስ ስትሬፕቶማይሲንን አገኘ። በ1952 የኖቤል ሽልማቱ ለዋክስማን ብቻ ተሰጠ፤ ሻትዝ ቀረ። መድኃኒቱ መጀመሪያ ላይ ተአምር መሰለ። ሕመምተኛው ይነሳል፣ ይበላል፣ ይወፍራል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ብዙዎቹ ላይ በሽታው ይመለስና መድኃኒቱ አልሠራም ይላል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጡት ታዋቂ ጥናት ይህንን አሳየ።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሒሳቡን አይቶ ማመን ይበቃል። አንድ የተጎዳ ሳምባ ውስጥ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ከአንድ ሚሊዮኑ አንዱ በአጋጣሚ መድኃኒቱን የሚቋቋም ሆኖ ይፈጠራል እንበል። አንድ መድኃኒት ብቻ ከሰጠህ ሌላው ሁሉ ይሞትና መቶዎቹ ይቀራሉ፤ ሜዳው የእነሱ ይሆናል። ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ ከሰጠህ ግን ሁለቱንም የሚቋቋም ለመገኘት ዕድሉ ከሚሊዮን ሚሊዮን አንድ ነው። በቃ፣ የለም። ዛሬ ቲቢ በአንድ ክኒን የማይታከመው፣ መድኃኒቱም ተጀምሮ የማይቋረጠው ለዚህ ነው። ፓስ የሚባለው መድኃኒት በ1940ዎቹ፣ አይሶኒያዚድ በ1952 ሲጨመሩ ቲቢ ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግጠኝነት የሚድን በሽታ ሆነ።

በኢትዮጵያ የተደራጀ የቲቢ ቁጥጥር የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሦስት ትልልቅ ከተሞች ማዕከላትና ሳናቶሪየሞች ተቋቋሙ። ቅዱስ ጴጥሮስም የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ቦታውም የድሮውን ሐሳብ የተከተለ ነው፤ ከከተማው ከፍ ያለ፣ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በተተከለው ባሕር ዛፍ የተከበበ፣ አየሩ የሚቀዘቅዝ።

እዚህ ላይ ግን የታሪኩ ቀልድ አለ። ሳናቶሪየሙ እኛ ጋ ሲደርስ ሐሳቡ ራሱ እየሞተ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ሕንድ ውስጥ፣ ያኔ ማድራስ ዛሬ ቼናይ በምትባለው ከተማ፣ አንድ ጥናት ተካሄደ። ድሃ የቲቢ ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ ሳናቶሪየም ተኝተው፣ ጥሩ ምግብና ዕረፍት አግኝተው መድኃኒት ወሰዱ። ግማሾቹ ያንኑ መድኃኒት ጠባብ ቤታቸው ውስጥ፣ የተገኘውን እየበሉ ወሰዱ። ውጤቱ ተቀራራቢ ሆነ። ቤት የቀሩት ሕሙማን ቤተሰቦችም ከሌሎቹ የበለጠ አልታመሙም። የሚያድነው መድኃኒቱ እንጂ ተራራው አልነበረም ማለት ነው።

ይህንን ለአያቴ ስነግራት ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ስንት ዓመት በፊት ነው ያልከው?» አለች። እሷ ከመግባቷ ከአሥር ዓመት በፊት ታትሟል አልኳት።

«እሺ» አለች። «ግን ማን ነው በየቀኑ ጉለሌ መጥቶ የሚወጋኝ?»

ትክክል ናት። ያኔ ሕክምናው ወራት የሚፈጅ የመርፌ ሕክምና ነው። በየሰፈሩ ጤና ጣቢያ የለም። አልጋው፣ ምግቡና መርፌው አንድ ቦታ የሚገኙበት ቤት ያው ሆስፒታሉ ነበር። ማድራስ ያሳየችው ሰው ቤቱ ሆኖ መዳን እንደሚችል ነው፤ መድኃኒቱ ቤቱ ድረስ ከደረሰለት።

* * *

የአያቴ ሳናቶሪየም የሚጀምረው ከንጋት ነው። ሙቀት ይለካል፣ ቀጥሎ መርፌ። «ቂጤ እንደ ወንፊት ሆኖ ነበር» ትላለች፣ ሳታፍር። ስትሬፕቶማይሲን የውስጥ ጆሮን እንደሚጎዳ ዛሬ በደንብ የታወቀ ነው። አያቴ ጆሮዋ ውስጥ ፉጨት የጀመራት እዚያ ነው። እኛ እርጅና ነው እያልን ነበር የምንጮህባት። እሷ ግን በመድኃኒቱ ቂም የላትም። «ነፍሴን ሰጠኝ፣ ጆሮዬን ወሰደ። አላጭበረበረኝም።»

ትልቁ ቀን የሚዛን ቀን ነበር። ሴቶቹ ተሰልፈው አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ ግማሽ ኪሎ የጨመረች እልል ይባልላታል። የቀነሰችውን ማንም አያያትም፣ ሁሉም ነጠላውን ያስተካክላል። አንዷ ሚዛን ከመውጣቷ በፊት መቀነቷ ውስጥ ድንጋይ ትቋጥር ነበር አሉ። ነርሷ አውቃ ዝም ትላት ነበር።

ምግቡ ፈተና ነበር። ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ ታዟል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባም እንደዚያው። አያቴ በሕይወቷ ጾም ገድፋ አታውቅም። የነፍስ አባቷ መጥተው ለሕመምተኛ የተፈቀደ ነው፣ ብዪ ብለው ፈቱላት። እሷም በላች። ግን የሁዳዴን ወተት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር የምትጠጣው። «ከማን ነው የምትደበቂው?» ስላት፣ «እግዜርማ ያያል፤ ከባልንጀሮቼ ነው እንጂ» አለችኝ። ለካ ሁሉም ወደ ግድግዳ ዞረው ነው የሚጠጡት። አንድ ክፍል ሙሉ ሴት፣ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥቶ፣ ወተት ሲጠጣ አስቡት።

ከሁሉ የከበደው ግን የመስኮቱ ጦርነት ነው። እንጦጦ ላይ የኅዳር ሌሊት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። እኛ ደግሞ በሽታን ሁሉ ከብርድ ጋር የምናያይዝ ሕዝብ ነን፤ ዛሬም ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ከኋላው የሚደርስበትን ሁላችንም እናውቃለን። ሠራተኞቹ መስኮት ይከፍታሉ፣ ሕሙማኑ ሲመሽ ይዘጋሉ። ጠዋት ይከፈታል፣ ማታ ይዘጋል። አያቴም ከዘጊዎቹ ነበረች፤ አልጋዋ መስኮቱ ሥር ስለሆነ እንደውም ዋናዋ። አንድ ቀን አንዲት ነርስ አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ ብርዱ አይገድልሽም፣ የሚገድልሽ ክፍሉ ውስጥ ተዘግቶ የሚዞረው ትንፋሽ ነው አለቻት። አያቴ አላመነችም። ግን ነርሷ የራሷን ካፖርት አውልቃ ስለደረበችላት ለእሷ ስትል መስኮቱን ተወችው።

የአልጋ ጎረቤቷ ከደብረ ብርሃን የመጣች አስተማሪ ነበረች። የሚሠራ ነገር የለም፣ ቀኑ አይመሽም። አስተማሪዋ በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ ፊደል እየጻፈች አያቴን ሀ ሁ አስቆጠረቻት። አያቴ ዛሬ ዳዊት ትደግማለች፤ ማንበብ የት ተማርሽ ሲሏት መልሷ «ጠበል ቦታ» ነበር። እኛ ቄስ አስተምሯት ነው ብለን ነበር የምናስበው። አስተማሪዋ ከእሷ ቀድማ ነው የወጣችው፣ ግን ወደ ቤቷ አልነበረም። አንድ ሌሊት ሠራተኞች ድምፅ ሳያሰሙ አልጋዋን ገፍተው ወሰዱት፤ ሲነጋ ባዶ ቦታው ታጥቦ ነበር። አያቴ እዚህ ላይ ስልኩን አጥፋ አለችኝ። አጠፋሁት።

ባሏ እሑድ እሑድ ከጉለሌ በእግሩ ይወጣ ነበር። እሱ ሽቅብ ሲወጣ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ቁልቁል ይወርዳሉ። ግቢው ውስጥ ራቅ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ሕፃን ማስገባት ስለማይቻል ልጅቷን አያመጣም። አንድ እሑድ ግን አምጥቶ ከአጥሩ ውጭ አቆማት። አያቴ ከውስጥ ሆና ጠራቻት። ልጅቷ አየቻትና አባቷ እግር ጀርባ ተደበቀች። «ማናት?» ብላ ስትጠይቀው አያቴ ሰምታለች። ያኔ ጆሮዋ ይሰማ ነበር።

እናቴን ይህን ታስታውሺያለሽ ወይ አልኳት። አታስታውስም።

* * *

አያቴ በ1965 ዓ.ም. ድናለች ተብላ ወጣች። አክታዋ ንጹሕ ነው፣ ራጂው ላይ የቀረው ጠባሳ ብቻ ነው። ለማንም አታስተላልፊም ተባለች።

ይህ እውነት ነበር፣ ሳይንሱም አብቅቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ባልቲሞር ውስጥ ሪቻርድ ራይሊና ባልደረቦቹ ከቲቢ ሕሙማን ክፍል የሚወጣውን አየር በቱቦ እየወሰዱ ጊኒ ፒግ የሚባሉ ትንንሽ እንስሳት ወዳሉበት ቤት ለቀቁት። እንስሳቱ የሕሙማኑን ሳህን አልነኩም፣ አልጋቸው ላይ አልተኙም፤ የደረሳቸው አየሩ ብቻ ነው። ታመሙ። ቲቢ በትንፋሽ፣ በአየር የሚተላለፍ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ሙከራው ሌላም ነገር አሳየ፤ መድኃኒት የጀመሩ ሕሙማን ብዙም አያስተላልፉም ነበር። ኩባያ፣ ሳህን፣ ማንኪያ ከነገሩ የሉበትም።

አያቴ ግን ቤት እንደገባች መጀመሪያ ያደረገችው የራሷን ኩባያ መለየት ነው። ማንም አላዘዛትም። ኩባያዋን በአመድ ፈትጋ፣ በፈላ ውኃ አጥባ፣ ለብቻው ትሰቅለዋለች። ለሃምሳ ዓመት። እኛ የልጅ ልጆቿ «የእማማ ኩባያ» ነው የምንለው፤ የሚነካው የለም። ክብር ይመስለን ነበር።

አንድ ማታ፣ መድኃኒት በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት፣ የጓዳው የውኃ ድምፅ ቆመ። እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው።

«የመጣሽ ቀን ለምን አልሳምሽኝም?» አለቻት።

እናቴ አጥሩን አታስታውስም፣ ይህንን ግን ታስታውሳለች። እናትሽ መጣች ተብላ፣ ተጣጥባ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ቆማለች። አንዲት ወፍራም ሴት ገባች፤ አፏን በነጠላ ሸፍናለች። አክስቷን ሳመች፣ ጎረቤቶቹን ሳመች። እሷ ጋ ስትደርስ ከሩቅ ራሷን ዳሰሰቻትና አለፈች። ልጅቷ የዚያን ቀን «እማዬ» የሚለውን ስም ለአክስቷ ተወችው። አዲሷን ሴት ደግሞ አክስቷ እህቷን ስትጠራት እንደሰማችው እያለች ትጠራት ጀመር፤ «እትዬ»።

አያቴ አልሰማችም መሰለኝና ደግሜ ጮክ ብዬ ልነግራት ስል እጇን አነሳች። ሰምታለች።

«ሌሎቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ቢይዛቸው መርፌውን ይችሉታል አልኩ። አንቺ ቂጥሽ እንኳ ይሄን ታክል ነበር» ብላ ጣቶቿን አሳየቻት። «ድነሻል አሉኝ። ሐኪም ይዋሻል ብዬ አይደለም። ግን ቢሳሳትስ?»

እናቴ ትንሽ ቆመች። «አምስት ዓመት ቆይተሽ አትስሚኝም ነበር?»

«ከዚያማ አፈርኩ» አለች አያቴ።

እናቴ ተመልሳ ጓዳ ገባች። የውኃው ድምፅ ቀጠለ። ፊልም ቢሆን ይተቃቀፉ ነበር። አልተቃቀፉም። በማግሥቱ ጠዋት ግን መደርደሪያው ጥግ ላይ የነበረው የእኔ ኩባያ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ አገኘሁት፤ የቱ እንደሆነም መለየት አልቻልኩም። የአያቴ ኩባያ ቦታው ላይ ነው። እሱን ራሷ ካልሆነች ማንም አያወርደውም።

* * *

አያቴ ስትታከም በነበረችበት ሰሞን ጎረቤቶቻችን ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ውስጥ ሕክምናውን ወደ ስድስት ወር ያሳጠሩ ጥናቶች እየተካሄዱ ነበር። የመጀመሪያው ውጤት እ.ኤ.አ. በ1972 ታተመ። ቁልፉ ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ነው፤ ሽንትን ብርቱካንማ የሚያደርገው። እኛ ጋ ይህ አጭር ሕክምና፣ ሕመምተኛው በጤና ባለሙያ ፊት እየዋጠ የሚወስድበት ሥርዓት፣ በሙከራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 አርሲና ባሌ ላይ ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ አገሩን አዳረሰ። እኔ መርፌ አልተወጋሁም። ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ አራት ወር ሁለት ዓይነት፣ ቤቴ ሆኜ፣ በነፃ። አሥራ አራቱ ወር ስድስት ሆነ፤ ተራራው ደግሞ ከቤቴ አሥር ደቂቃ የሚያስኬድ ጤና ጣቢያ። ቅዱስ ጴጥሮስ ዛሬ ሌሎች በሽታዎችንም የሚያክም ሆስፒታል ነው። መድኃኒት የተለማመደው ቲቢ ሕክምና አገራችን ውስጥ የተጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ2009 እዚያው ነው። እንጦጦ ሥራውን አልጨረሰም። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 1.25 ሚሊዮን ሰው በዚህ በሚድን በሽታ ሞቷል።

ሁሉም ነገር ተሻሽሏል ማለት ነው፣ ከአንዷ ዓረፍተ ነገር በቀር። አያቴ «ጠበል ገብታለች» ተባለላት። እኔ «ጨጓራዬን አሞኛል» አልኩ። የእኔው ደግሞ ይብሳል። አያቴን የደበቋት ሰዎች ሰፈሩን አልጎዱም፤ እሷ ከሰፈሩ ወጥታ ነበር። እኔ ግን በጠባብ ቢሮ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ከአንድ ወር በላይ የሳልኩት ከስድስት ሰዎች ጋር ነው። እነሱ መመርመር ነበረባቸው። ነርሷ ገና በመጀመሪያው ቀን አብረውህ የሚውሉትን ይዘህ ና ብላኝ ነበር፤ እኔ ቤተሰቤን ብቻ ይዤ ሄድኩ።

እናቴ በሩ ላይ ከቆመችበት ማታ በኋላ በመጣው ሰኞ፣ የጠዋቱ ስብሰባ ላይ፣ የሥራዬን ነገር ከጨረስኩ በኋላ ነገርኳቸው። ቲቢ ነው፣ መድኃኒት ላይ ነኝ፣ እባካችሁ ተመርመሩ፣ ሳልነግራችሁ ስለቆየሁ ይቅርታ። ስልኩ ውስጥ ዝምታ ሆነ። አንዱ ተቆጣ፣ ልክ ነበር። ሌሎቹ አይዞህ አሉኝ። ስድስቱም ተመረመሩ፣ ደህና ናቸው። አሁን የቢሮው መስኮት ክፍት ነው የሚውለው፤ አንዳንዶቹ ጃኬት ለብሰው እያማረሩ።

ያን ዕለት ማታ የቡድናችን ትልቅ፣ ብዙ የማያወራ ሰው፣ ለብቻዬ ደወለልኝ። እንዴት ነህ፣ ትበላለህ ወይ አለኝ። ከዚያ ዝም ብሎ ቆየና «እህቴም ይዟት ነበር» አለ። «ለሰው ግን ዱባይ ሄዳለች ነበር ያልነው።»